አለሁ ባይዋ ረመጥ

ተረቴ መጣች፣ ልጆቼ፤ ጆሯችሁን አንጥፉላት። «አንጥፈናል» በሏት እንጂ! እንዲህ ዝም ካላችኋትማ ከደጅ ትመለሳለች። እንዲያ ነው። አንተ ደግሞ ወዲህ ጠጋ በል፤ ደጃፉ ላይ አትቀመጥ፣ ብርዱ በአንተ በኩል ነው የሚገባው።

ድሮ ነው፣ ዱሮ። አውሬው እንደ ሰው ሲናገር፣ እንጨቱም ድንጋዩም አፍ ሲኖረው። ያን ጊዜ ነገር ሁሉ ይናገር ነበር። ሰው ግን ያኔም እንደ ዛሬው ነው፤ አይሰማም።

ከደጋ በላይ ደጋ በሆነ አገር፣ ከጓሳ ሣር በቀር የረባ ነገር በማይበቅልበት ጋራ ላይ፣ ስንቅነሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ እህል ሊሸምት ቆላ ወርዶ እዚያው ንዳድ በላው። ሦስት ልጅ ወልዳ ሦስት ልጅ ቀብራለች። አንዱን ኩፍኝ ወሰደው። አንዱን ተቅማጥ። ሦስተኛውን ምን እንደወሰደው እንኳ አታውቅም፤ ማታ ራቱን በልቶ ተኛ፣ ጠዋት አልነቃም። አራተኛዋን ስትወልድ ስሟን ማስረሻ አለቻት። ያለፉትን የምታስረሳ ማለቷ ነው። አይ ስንቅነሽ! እንዲህ ያለ ሸክም በሕፃን ጀርባ ይጫናል?

ማስረሻ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ደረቷ ደካማ። ክረምት የጀመራት ሳል መስከረም ጠብቶም አልለቀቃትም። ስንቅነሽ ብትቆም ብትቀመጥ ሐሳቧ አንድ ነው፤ ይቺ ልጅ ትትረፍልኝ። ሌላ አታውቅም።

በስንቅነሽ ጎጆ መካከል ሦስት ጉልቻ አለ፤ በሦስቱ ጉልቻ መካከል ደግሞ አንዲት ረመጥ ትኖራለች። እናንተ አሁን ክብሪት አላችሁ፤ ያን ጊዜ ክብሪት የለም። ሴት ልጅ ሲመሽ እሳቷን በአመድ ትዳፍናለች፣ ሲነጋ አመዱን ገለጥ አድርጋ ትጭራለች። ረመጧ ካለች ቤቱ አለ። ከሞተች፣ ገል ይዞ በሰው ደጅ ለእሳት መንከራተት ነው።

ስንቅነሽ በየማለዳው አመዱን ገለጥ ታደርግና፣

«ረመጤ፣ እንዴት አደርሽ?» ትላለች።

«አለሁ» ትላለች ረመጧ፣ በቀይ ዓይኗ ቀና ብላ።

«ልጄስ?»

«አለች። ደህና አድራለች።»

«ነገስ?»

«የነገን አላውቅም። እኔ የምበቃው ለአንድ ሌሊት ነው።»

በየቀኑ ይኸው ነው። አለሁ። አለች። ደህና አድራለች። ለአንድ ሌሊት ነኝ። ስንቅነሽ ታዲያ ይህ መልስ አይጥማትም። «ደህናማ እነዚያም ደህና አድረው፣ ደህና ውለው ነበር» ትላለች ለብቻዋ። «ደህና ውለው አይደል ማታ የሞቱብኝ።» እውነቷን ነው። ምን ትባላለች?

በዚያ ጋራ ላይ ደግሞ አያ ውርጭ ይኖራል። ነጭ ኩታ የለበሰ ሽማግሌ ነው፤ ቀን ጓሳ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፣ ማታ ይነሳል። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ? ሰው አጥንት ካልጋጠ እሱ የሰውን አጥንት ይግጣል። ከዚያ ቤት ጥጃ፣ ከዚህ ቤት ሽማግሌ፣ እንዲህ እያለ በየዓመቱ ይለቅማል። የማስረሻን ሳል ከሩቅ ሰምቶ ምራቁን ውጧል። በየሌሊቱ እየመጣ በግድግዳው ስንጥቅ ጣቱን ያስገባል፤ ረመጧ ትለበልበዋለች፤ ጣቱን እየላሰ ይመለሳል።

«ጌታዬ፣ አንዲት የፍም ፍንጣሪ አቃተችህ?» አለው አንድ ቀን አያ ቁራ። ቁራ ውርጭ የጣለውን እየለቀመ ነው የሚኖረው፤ እሱ ከራበው ይኼም ይርበዋል። «ክንፌን ውኃ ነክሬ ልሂድና ላራግፍባት?»

«ተው፣ ሞኝ! ብታጠፋባት ሮጣ ጎረቤት ትጭራለች። ከዚያ በኋላ ዓይኗን ከእሳቷ አትነቅልም። ሰው ትንሽ ነገር ሲነጥቁት ይነቃል። ትንሹን የሚረሳው ትልቅ ሲሰጡት ነው። ሂድና ስጣት።»

«ምን ልስጣት?»

«የምትመኘውን ሁሉ።»

አያችሁት? ክፉ ሰው ሁሉ በዱላ አይመጣም። አንዳንዱ ተሸክሞ ነው የሚመጣው።

ቁራ በማግሥቱ በስንቅነሽ አጥር ላይ ዘፍ አለ።

«እንዴት አደርሽ፣ እሜቴ ስንቅነሽ?»

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን።»

«ደህና ብቻ?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ደህና የድሃ መልስ ነው። እሜቴ፣ ስለ ረመጥሽ ልጠይቅሽ፤ እነዚያ ሦስቱ ሲሄዱብሽ የት ነበረች? እዚሁ አመዷን ለብሳ ተኝታ ነበር። ደስታ እኮ አንዲት አይደለችም፤ ብዙ እህቶች አሏት፣ ይቺ ደህና የምትሏት የሁሉ ታናሽ ናት። አንቺን የሚያስፈልግሽ ገድ ነው። ገድ ያለውን ሰው በሽታ ሲያየው መንገድ ይለቅለታል።»

«ገድ በየት ይገኛል? በሰው እጅ ነው?»

«መንገደኛ ሲወጣ በቀኝ የምትጮህ ወፍ የለችም? በቀኝ ከጮኸች መንገዱ ይቃናል፣ በግራ ከጮኸች ይመለሳል። ይኸው ይዤልሻለሁ። በሸምበቆ ቅርጫቷ እንዳለች ከደጃፍሽ በስተቀኝ ስቀያት። በወጣሽ ቁጥር በቀኝሽ ትጮሃለች፤ ዕድሜሽን ሙሉ። ዋጋ አልልሽ፣ ምን አልልሽ።»

ሰው ሁሉ ወፏ በቀኝ እንድትውልለት ይለምናል፤ አስሮ በቀኝ ያዋላት ግን ማን አለ? ስንቅነሽ ቅርጫቱን ተቀብላ ሰቀለችው።

«ጢው!» አለች ወፏ። «ገድ ነኝ። ግን ጢስ አልችልም፤ ጉሮሮዬን ይዘጋዋል። ጢስሽን ቀንሺ።»

ስንቅነሽ የዚያን ማታ እሳቷ ላይ ከሚገቡት ሦስት ጉማጆች ሁለቱን አወጣች።

«ምነው ራቴን ቀነስሽብኝ?» አለች ረመጧ።

«ገድ ገባልን እኮ።»

«ገድ አልገባችም፣ ስንቅነሽ። ደጅ ነው የተሰቀለችው።»

ሴትየዋ ግን ዳፈነቻትና ዞረች።

በማግሥቱ ስንቅነሽ እንስራዋን አዝላ ስትወጣ ወፏ በቀኟ ጢው አለች። እሰይ! ከወር በፊት የጠፋች ዶሮዋን ጫጩት አስከትላ ምንጭ ዳር አገኘቻት። እሰይ ነው! ውኃዋን ቀድታ ስትመለስ ግን፣ ልጆቼ፣ ደጃፉ ጋ ስትደርስ ወፏ ጢው አለች፤ በየት በኩል? በግራ! ሲወጡ ቀኝ የነበረው ሲገቡ ግራ ይሆናል፤ ይኼን አላሰበችውማ። ስንቅነሽ ደነገጠች። ቆማ ቆማ አሰበችና ዘዴ አገኘች፤ ዞረች፣ ጀርባዋን ለቤቷ ሰጠች፣ ወደ ኋላዋ እየረገጠች ገባች። ወፏም በቀኟ ዋለችላት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ቤቷ ፊቷን ሰጥታ ገብታ አታውቅም። ከወንዙ ማዶ ያሉት ጎረቤቷ እትዬ ዘርፌ አይተው በሳቅ ፈነዱ።

«ስንቅነሽ፣ ምን ነካሽ? እንደ ገመድ ፈታይ የኋሊት ትሄጃለሽ!»

«ገዴን እየጠበቅሁ ነው፣ እትዬ።»

«ገድሽን ስትጠብቂ ሙቀጫው ላይ እንዳትወድቂ! የኋሊት የሚገባ ሰው ቤቱ ምን እንደሆነ በምን ያያል?»

እትዬ ዘርፌ ለቀልድ ነው ያሉት። አንዳንድ ቀልድ ግን የሚገባን ቆይቶ ነው።

ሳምንት ሲሆነው ቁራ ተመለሰ። አሁን በመንቁሩ ያንጠለጠለው የቅቤ ቅል ነው።

«እሜቴ፣ ገድ መጥቶልሻል፤ ግን የልጅሽ ጉንጭ አሁንም የከሳ ነው። ገድ መንገድ ያቀናል እንጂ ሆድ አይሞላም። ይኼ ሲሳይ ይባላል። ብትጨልፊው አይጎድልም።»

ቅሉ ወፍራም ድምፅ ነበረው፤ ሲናገር ይንቦጫቦጫል።

«እኔ ካለሁ ረሃብ የለም» አለ። «ግን ከእሳት ጋር ጎን ለጎን አልኖርም፤ እቀልጣለሁ፣ እፈሳለሁ። ያን ምድጃ ወደ ደጃፉ ግፊልኝ።»

ስንቅነሽ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ጉልቻ ነቀነቀች።

«ኧረ ቀስ!» አለ ጉልቻው። «በሰርግሽ ዕለት ነው የተተከልሁት። አማትሽ ናቸው ያቆሙኝ። ልጅሽ የምትተኛው ከጎኔ ነው፤ እኔ ስሄድ ጀርባዋን ማን ሊያሞቅላት ነው?»

«ትወፍራለች፤ ስብ ራሱ ያሞቃል» አለች ስንቅነሽ፤ ሦስቱንም ነቅላ ነፋስ የሚነፍስበት ደጃፍ ሥር ተከለቻቸው። ረመጧን በገል አዛወረቻት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ማስረሻ ወፈረች። ቅቤ ጠጣች፣ ጉንጯ ሞላ፣ ፀጉሯ ወዛ። ሲሳይ አልዋሸም። ዋሸ አልላችሁም። ረመጧ ግን ከደጃፉ ሥር ቀን በቀን መነመነች። ጠዋት ስንቅነሽ «እንዴት አደርሽ?» ስትላት «አ… ለሁ» ትላለች፣ እንደ ታመመ ሰው። ስንቅነሽም «ነገስ?» ማለቷን ተወች። ገድና ሲሳይ እያሉ ስለ ነገ ረመጥ ይጠየቃል?

ሦስተኛ ጊዜ ቁራ ሲመጣ ባዶ እጁን ነው። አጥሩ ላይ ተቀምጦ ልጅቷን ትክ ብሎ አያት።

«እሜቴ፣ ይቺ ልጅ ስቃ ታውቃለች?»

ስንቅነሽ ወደ ልጇ ዞረች። አሰበች፣ አሰበች። ማስረሻ ተስላ ታውቃለች፣ አልቅሳ ታውቃለች፣ ዝም ብላ ታውቃለች። ስቃ? ሦስት የልጅ ሬሳ በወጣበት ቤት፣ እናቷ ሌሊት እየተነሳች ትንፋሿን በምታዳምጥበት ቤት፣ ከየት አምጥታ ትስቃለች?

«የእህትማማቾቹ ታላቅ አልመጣችልሽም» አለ ቁራ። «ደስታ ራሷ። በይ፣ ላምጣት?»

«አምጣት» አለች ስንቅነሽ። «አምጣልኝ፣ ወንድሜ።»

ቄሶቹ ሐሴት ይላሉ፣ ፍስሐ ይላሉ፤ እኔ አልተማርሁ፣ የሚያወሩት ስለ ላይኛው አገር ይመስለኛል። ተድላ ደግሞ የጌቶች ናት፤ በእኛ ደጅ አታልፍም። ይቺ የመጣችው የእኛዋ ደስታ ናት፤ እስክስታ የምታስወርደው፣ ጎረቤት የምትጠራው። የመጣችውም ከበሮ ሆና ነው። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከበሮው በቁልቁለቱ እየተንከባለለ መጥቶ ደጃፏ ላይ ቆመ።

«ዱም! ቤቶች!» አለ። «ደስታ ነኝ! ግን ቆዳዬ በብርድ ይላላል። አንድዱልኝ! እንጨት አትሰስቱ! ዱም!»

ስንቅነሽ ለክረምት ለበጋ ብላ የከመረችው የአስታ እንጨት ነበራት። አንድ አቀፈችና ጣለች። «ዱም! ጨምሪ!» ሌላ ጣለች። «ዱም! ዱም! ጨምሪ!» እሳቱ ተንቀለቀለ፤ የከበሮው ቆዳ ተወጠረ፤ ድምፁ ወንዙን ተሻግሮ ተሰማ። ሰው መጣ። እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ማስረሻ መጀመሪያ ከእናቷ ቀሚስ ሥር ሆና አየች፤ ቀጥሎ አንድ እግሯን አወጣች፤ ቀጥሎ ትከሻዋ ራሱ ተነሳ። ከዚያ ሳቀች።

ልጆቼ፣ ያ ሳቅ እውነተኛ ነበር። ስንቅነሽ ሳቁን ስትሰማ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። ስትስቅ ሦስቱን የሞቱትን ትመስላለች፤ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ። ሴትየዋ ይኼን አታውቅም ነበር። ስሟን ማስረሻ ስላለቻት የምታስረሳ መስሏት ነበር።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ እንግዳው ተበተነ። የእንጨቱ ክምር የነበረበት ቦታ ላይ ቅርፊት ብቻ ቀረ። ነበልባሉ መሀል ሆና ረመጧ ተጣራች።

«ስንቅነሽ! ዛሬ ትልቅ ሆኛለሁ፤ ትልቅ ስሆን ግን ራሴን እበላለሁ። አንድ ጉማጅ አስቀሪልኝ። አንድ እፍኝ አመድ ጣል አድርጊብኝ።»

«እሺ፣ ቆይ ትንሽ።»

«አንድ እፍኝ ብቻ፣ ስንቅነሽ።»

«ዱም!» አለ ከበሮው። «ዛሬ ነው፣ ዛሬ!» ማስረሻ እየሳቀች የመጨረሻዋን ጉማጅ አንስታ እሳቱ ላይ ጣለችው። እናቷም ሳቀች።

ልጅቷ የከበሮውን ጠፍር እንደያዘች ደክሟት ተኛች። ስንቅነሽ እንዳትቀሰቅሳት ብላ ከጎኗ ጋደም አለች፤ ለትንሽ ነው፣ ተነስታ ልትዳፍን። ሆዷ ጠግቧል፣ ልቧ ሞልቷል። ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ጆሮዋ ነበር የምትተኛው። ያን ማታ በሁለቱም ተኛች።

ሲነጋ ስንቅነሽ እጇን ወደ ምድጃው ሰደደች።

«ረመጤ፣ እንዴት አደርሽ?»

ዝም።

አመዱን ገለጠች። ዝም። እስከ ታች ቆፈረች። እሳት አመድ ወለደ የሚባለው ይኼ ነው፤ አመዱ ቀዝቃዛ ነው፣ እንደ ሌላ አፈር። ግድግዳው ከውስጥ ነጭ ሆኗል። አያ ውርጭ ኩታውን አንጥፎ አድሯል።

«እምዬ፣ በረደኝ» አለች ማስረሻ። ከንፈሯ የአመዱን መልክ ይዟል። ደረቷ ሲያፏጭ ይሰማል።

ስንቅነሽ ያላትን ጨርቅ ሁሉ አለበሰቻት፣ አቀፈቻት፣ ተነፈሰችባት። የሷም ትንፋሽ ቀዝቅዟል። ተነስታ ወደ ደጅ ወጣች።

«ወፌ፣ ገዴ፣ በይ እንጂ ጩኺልኝ! ልጄን አትርፊልኝ!»

ወፏ ቅርጫቱ ውስጥ ተኮራምታለች። «እኔ መንገድ እናገራለሁ እንጂ መንገድ አልሄድም» አለች ቀስ ብላ። «እግሬም ደረቀ» አለች፣ ዓይኗን ከደነች።

ወደ ቅሉ ሮጠች።

«ሲሳዬ፣ ፍሰስላት! ጉሮሮዋን አሙቅላት!»

«ድንጋይ ሆኛለሁ» አለ ቅሉ። «ካልቀለጥሁ አልዋጥም። የሚያቀልጠኝ የት አለ?»

ከበሮውን በሁለት እጇ መታችው። ቆዳው ረግቧል፤ ዱም አላለም፤ ፉፍ አለ።

«ደስታ! ትናንት ያሳቅሃት ልጅ ናት እኮ!»

«ደክሞኛል» አለ ከበሮው። «እኔ የአንድ ቀን ነኝ። ሁለት ቀን እቆያለሁ ያለሽ ማን ነው?»

ገል አነሳች፤ ሮጠች። ልጅቷን እየተመለከተች የኋሊት ወጣች፣ ከዚያ ዞራ ሮጠች። ጓሳው በውርጭ ተሰባብሮ እግሯን ይቆርጣል። ወንዙን ተሻገረች፤ ዳሩ በረዶ ሆኗል። እትዬ ዘርፌ ደጃፍ ደረሰች።

በዚያ አገር ወግ አለ፤ እሳት ያለ ሰላምታ ከቤት አይወጣም። ዝም ብሎ የተጫረ እሳት የሰጪውን ቤት በረከት ይዞ ይሄዳል ይላሉ። ስለዚህ ገል ይዞ የመጣ ሰው በደጅ ቆሞ እንዴት አደራችሁ ይባባላል፣ ደህና ይላል፣ ከዚያ ነው እሳቱ የሚሰጠው። እትዬ ዘርፌ ከውስጥ ሆነው እንደ ወጉ ጀመሩ።

«ማን ነው? ስንቅነሽ ነሽ? እንዴት አደርሽ?»

ስንቅነሽ አፏን ከፈተች። ያቺ ቃል፣ ያቺ የድሃ መልስ የተባለችው፣ በየማለዳው በነፃ ስትላት የኖረችው፣ አልወጣም አለች።

«ደህና ነሽ ወይ? ምነው ዝም አልሽ? ማስረሻስ? ልጃችን እንዴት አደረች?»

ደህና የምትለዋ ቃል ምላሷ ሥር ገብታ እንደ እሾህ ተሰነቀረች።

እትዬ ዘርፌ በሩን ከፈቱ። ገሉን አዩ፣ ፊቷን አዩ። ሌላ አልጠየቁም። ወጉንም ተዉት። «ውይ ልጄን!» ብለው ፍሙን በባዶ እጃቸው ዘግነው ገሉ ላይ ጣሉትና አመድ ነሰነሱበት፤ እጃቸው ተላጠ። ሁለቱም ሮጡ።

ሜዳው መካከል አያ ውርጭ ኩታውን እየጎተተ ብቅ አለ። ሊሄድ ነበር፤ ፀሐይ ልትወጣ ነው።

«ወዴት ነው ጥድፊያው፣ እሜቴ? ቀስ በይ፣ ያንሸራትታል።»

«ልጄን ተውልኝ!»

«ምን አደረግሁሽ? ስሰጥሽ ተቀበልሽ። የነጠቅሁሽ ነገር አለ? ረመጥሽን ነክቻለሁ? እስቲ ተናገሪ።»

ስንቅነሽ ልታልፈው ተጣደፈች። አንሸራተታትና በጉልበቷ ወደቀች፤ ገሉን ግን ከፍ አድርጋ ያዘችው፣ አንዲት ፍም አልወደቀችም። ጉልበቷ እየደማ ተነሳች። ዳገቱን ወጣች። ወደ ቤቷ ፊቷን ሰጥታ ገባች፤ ከወፏ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ቅርጫቱ በግራዋ ነበር፤ ግን ከውስጡ የሚጮህ አልነበረም።

ጎጆው ውስጥም የሚሳል አልነበረም።

ማስረሻ የከበሮውን ጠፍር እንደጨበጠች ነው። እትዬ ዘርፌ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው የፈቱላት።

ገሉ ላይ ያለችው አዲሷ ረመጥ ቀና አለች። «ደረስሁ» አለች። «ለማን ነው የምነድደው?»



ቁራ ጣሪያው ላይ አርፎ «እኔም ላልቅስ፣ ጎረቤት ነኝ» አለ። እትዬ ዘርፌ ዘነዘናውን ቢወረውሩበት ሁለት ላባ ጣለ። «አንተ የሬሳ ደላላ!» አሉት። ምን ያደርጋል? ቁራ ላባ ያበቅላል።

ስንቅነሽ አራተኛዋን ከሦስቱ ጎን ቀበረች። የደረቀችውን ወፍ ከቅርጫቱ አውጥታ ከአጥሩ ሥር አፈር አለበሰቻት። ቅቤውን ለለቀስተኛ አቀለጠችው። ከበሮውን ሰው ሁሉ ስበሪው፣ አቃጥዪው አላት፤ እምቢ አለች።

«አልሰብረውም» አለች። «እሱ አልዋሸኝም። ልጄን አስቆልኛል፤ ባይመጣ ኖሮ ያን ሳቅ ሳልሰማው ነበር የምቀብራት። እኔን የሚበላኝ ሳቁ አይደለም። አንድ እፍኝ አመድ ነው። አንድ እፍኝ!» ብላ መዳፏን ዘርግታ አየችው። ከበሮውንም ለሰርገኛ ሰጠችው።

ሦስቱን ጉልቻ ወደ መካከል መለሰች። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ፣ አርባ ዓመት ይሁን ሃምሳ፣ ሲመሽ እሳቷን ሳትዳፍን አልተኛችም። የሚሞቀው ሰው የለም፤ እሷ ግን ትዳፍናለች። በዚያ ጋራ እሳቱ የጠፋበት ሁሉ ገሉን ይዞ ወደ ስንቅነሽ ነው። ደረቱ የሚያፏጭ ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነማ፣ ሳይመጡባት እሷ ተሸክማ ትሄዳለች። አያ ውርጭ በእነዚያ ዓመታት ከዚያ ጋራ ልጅ አልወሰደም ይባላል። የሰማሁትን ነው፤ እኔ አልነበርሁ።

ሰው በጠዋት ሲያገኛት «እንዴት አደርሽ፣ እሜቴ ስንቅነሽ?» ይላታል።

ደህና ብላ አታውቅም። ያቺ ቃል አልተመለሰችላትም።

«አለሁ» ትላለች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አንዳንድ ሰው እንዴት ነህ ስትሉት «አለሁ» ካላችሁ፣ ደህና ከማለት ያገደው ትዕቢት አይደለም። እሳቱ አንድ ሌሊት የጠፋበት ሰው ነው። ዝም ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። እናንተ ግን በጠዋት ደህና ማለት ስትችሉ ጮክ አትበሉ፣ ደግሞም ያቺን ቃል አትናቋት፤ ከሁሉ ታናሽ ሆና ከሁሉ የምትከብድ ናት። ወፍ በቀኝ ብትውልላችሁ እሰይ በሉ። ቅቤም ቢመጣ ብሉ። ከበሮ ከመጣ ተነሱና ጨፍሩ፤ እኔም ጉልበቴ ቢችል እጨፍራለሁ። አንድ ጉማጅ ግን ለማታ አስቀሩ።

ከበሮ ቀን ያውላል፤ ረመጥ ሌሊት ያሳድራል።

ተረቴን መልሱ፣ እሳቱን አመድ አልብሱ። አንተ ለደጃፉ ቅርብ የሆንከው ተነስ እንጂ፤ «ቆይ ትንሽ» አትበለኝ።